የማክሰኞ ቃሌን ስለማንሳት፦ የእህቴ የጓሮ በር

የምስክሩ ስም፦ ሙሉ ስማቸው በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ሰፍሯል፤ በሰፈሩ «ጋሽ ሚሊ» ይባላሉ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ አሉሚኒየምና መስታወት ገጣሚ፣ አሁን ጡረተኛ
አድራሻ፦ ስርቆቱ ከተፈጸመበት ቤት ሁለት አጥር አለፍ ብሎ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡40

እኔ ምስክሩ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ማክሰኞ ዕለት በእህቴ ቤት ስለተፈጸመው ስርቆት ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነው። በዚያ ቃል ምክንያት የእህቴ አስታማሚ ከማክሰኞ ጀምሮ ታስራለች።

ታላቅ እህቴ የ71 ዓመት ሴት ስትሆን፣ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ድጋፍ አትነሳም። አስታማሚዋ አራት ዓመት አብራት ኖራለች። ከሳሎን ወደ ጓሮ የሚያወጣው ተንሸራታች የመስታወት በር ለወራት አልሄድ እያለ ሲያንገራግር ቆይቷል፤ መቀርቀሪያውም ላልቶ ነበር። እህቴ ሌላ ባለሙያ ልጥራ ብትል ተቆጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በር ስገጥም ኖሬያለሁ፤ ሚሊ ያሉኝም አንዲት ሚሊሜትር አላልፍም ስለምል ነው። በእህቴ ቤት ሌላ ሰው ገብቶ መፍቻ ሲያነሳ ማየት ለእኔ ሞት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ። የዚህ ዓይነት በር ከታች በትንንሽ ጎማዎች ሐዲድ ላይ ይሄዳል። ጎማዎቹን ለመለወጥ በሩን ወደ ላይ አንስቶ ከሐዲዱ ማውጣት ግድ ነው። ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ እንደዚያው እንዳያነሳው ደግሞ ከበሩ በላይ ያለውን ክፍተት የሚሞሉ ሁለት የፕላስቲክ መግቻዎች አሉ። እነሱን ፈትቼ በሩን አወጣሁና ቤቴ የነበሩትን ጎማዎች ገጠምኩ። ጎማዎቹ ከአሮጌዎቹ በአራት ሚሊሜትር ያንሱ ኖሯል። በሩ ዝቅ አለ፣ የላዩ ክፍተት ሰፋ፣ መግቻዎቹም ላልተው እየወደቁ አስቸገሩኝ። ሰኞ ወፈር ያለ ቆርጬ እመልሳለሁ ብዬ ኮት ኪሴ ከተትኳቸው።

በላላው መቀርቀሪያ ፋንታ የመጥረጊያ እጀታ በልክ ቆርጬ ከውስጥ ሐዲዱ ላይ አስተኛሁ። እንጨቱ በሩ እንዳይንሸራተት ያግዳል፤ ወደ ላይ እንዳይነሳ ግን አያግድም። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እህቴ አታውቅም። «እታለም፣ ከእንግዲህ ጎረምሳ ተሰብስቦ ቢገፋው አይከፈትም» አልኳት። «ተባረክ! አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለችኝ። ሰኞ አልሄድኩም። ወገቤን አሞኛል ብዬ አስነገርኩ፤ ወገቤ ደህና ነበር።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አስታማሚዋ እህቴን ለሕክምና ቀጠሮዋ ይዛት ወጣች፤ 6 ሰዓት ላይ ሲመለሱ የእናታችን የአንገት ወርቅ ከቁም ሳጥኑ ጠፍቷል። የፊት በሩ እንደተቆለፈ ነው። የጓሮው በር ተዘግቷል፣ እንጨቱም በቦታው ነው፣ የተሰበረ ነገር የለም። የመጡት ፖሊሶች እኔን አስጠርተው «በዚህ በር ሰው ሊገባ ይችላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። እህቴም አስታማሚዋም ጎረቤቱም ቆመው ይሰሙ ነበር። «በፍጹም! እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ። ረስቼው ነው ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ መግቻዎቹን በጣቴ እየነካሁ ነው «በፍጹም» ያልኩት። የፊት በሩ ቁልፍ ያለው በእህቴና በአስታማሚዋ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ቁልፉን ለሰው አሳልፋ ሰጥታ ይሆናል ተብላ አስታማሚዋ ተያዘች።

ረቡዕ ለእህቴ ምሳ ይዤላት ሄድኩ። አልበላችም። «አንተ፣ እውነት በዚያ በር ሰው አይገባም? ልጅቷ እኮ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለችም» አለችኝ። ጮኽኩባት። «በስተርጅና ሙያዬን ልትፈትኚኝ ነው?» አልኩ። «እሺ በቃ፣ ይቅር በለኝ» አለች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። ይህን ሳስመዘግብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

በዚያው ቀን 9 ሰዓት ላይ በጓሮ በኩል ዞሬ የበሩን ፍሬም ከውጭ በሁለት እጄ ይዤ ከፍ አደረግኩት። እንደ ድስት ክዳን ተነሳልኝ። መልሼ ሳስቀምጠው እንጨቱ ንቅንቅ አላለም፤ ሰው የነካው አይመስልም። ከፍሬሙ የታችኛው ጠርዝ ላይ እኔ ያልጫርኩት አዲስ ጭረት አይቻለሁ። ሌባው በዚህ እንደገባ አልጠራጠርም። ያን ሰዓትም ቢሆን ወደዚህ አልመጣሁም፤ ቤቴ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

ለምን ዝም አልክ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ከእፍረት በቀር ምክንያት የለኝም። ጋሽ ሚሊ የጎማ ልክ ሳተ፣ የእህቱን ቤት ለሌባ ከፍቶ ሄደ እንዳይባል ነው። ሰው መሳቂያ እንዳያደርገኝ ብዬ የሰው ልጅ አሳሰርኩ። ሁለቱን መግቻዎች ለመርማሪው አስረክቤያለሁ፤ በሩንም በፖሊስ ፊት አንስቼ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ጣቢያው ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። አስታማሚዋ ከአንዲት የፖሊስ አባል ጋር ተቀምጣበታለች። ስታየኝ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። ቀጥላም «ለእኔ ሊመሰክሩልኝ ነው አይደል የመጡት? አንድ ሰው እንደማይጠፋ አውቅ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «አዎ» አልኳትና ተቀመጥኩ። ስሜ እስኪጠራ ድረስ እሷ ቆማ፣ እኔ በእሷ ቦታ ተቀምጬ ቆየሁ።

ይህ ቃል ለእሷም እንዲነበብላት፣ ሲነበብም ፊቷ ቆሜ እንድሰማ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ የተጨመረበትም የተቀነሰበትም የለም። እውነት የሆነው ይህ እንጂ የማክሰኞው እንዳልሆነ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________