ባንክ የተላኩ ሽማግሎች

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ሥራ ልትለውጡ፣ ቤት ልትገዙ የምታስቡ ደግሞ ጆሮ ስጡኝ።

ያለፈው ሐምሌ ጡረታዬን ልቀበል ወረታ ወደ ባንክ ስሄድ፣ በሩ ላይ ሦስት ሽማግሎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው አገኘሁ። መሪያቸው የይፋጉ ቄስ መባ ናቸው።

«የማንን ደም ልታደርቁ ነው?» አልኳቸው።

«ደም አይደለም። ለእህቴ ልጅ ለውዳሴ ባንኩን ልንለምንላት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውዳሴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከታማሚ እናቷ ጋር የተከራየችበትን ቤት ባለቤቱ አቶ አድማሴ ሊሸጡት ነው፤ ባሕር ዳር ልጆቻቸው ዘንድ መግባታቸው ነው። ቅድሚያውን ለእሷ ሰጥተዋል፤ ግን እስከ ነሐሴ ድረስ ብቻ። ትሠራበት በነበረው ክሊኒክ ደመወዟ የቤት ብድር ጠይቃ ሳለች አንድ የግል ሆስፒታል በተሻለ ደመወዝ ወሰዳት። ባንኩም ይህን ሲሰማ «የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሽ ተመለሽ» አላት። ቄስ መባ ሽማግሌ የማይፈታው ነገር የለም ብለው ሁለት ጎረቤት አስነሥተው መጡ። የባንኩ ጥበቃ መቋሚያቸውን ይቀበል አይቀበል ግራ ገብቶታል።

ወዲያው ውዳሴ ከባጃጅ ወረደች። መስቀል ተሳልማ፣ ሳቋን እየዋጠች ወደ ታዛው ወሰደችን።

«ልጄ፣ ሥራ ለወጥሁ ማለትን ምን አመጣው?» አሉ ቄስ መባ። «የክሊኒኩን ወረቀት ብቻ ብትሰጪያቸው በቃ። ሙሽራ ለአዲሱ ባሏ ስለ ፊተኛው ታወራለታለች?»

ሽማግሎቹ ሳቁ።

«ባልየውም ሰው ጠይቆ ይደርስበታል፣ አባ። ባንኩ ክሊኒኩን ቢጠይቅ ለቃለች ይሉታል። ያን ጊዜ የዛሬው ብቻ ሳይሆን የነገውም በር ይዘጋብኛል።»

«እንግዲያው እኛ ዋስ እንሁንሽ። የሦስት ሽማግሌ ቃል ከአንድ ወረቀት ያንሳል?»

«አያንስም። ግን በሙከራው ጊዜ ቢያሰናብቱኝ ከምን እከፍላለሁ? የብድሩ መያዣ እኮ ቤቱ ነው። ያን ጊዜ እናቴን ሜዳ ላይ የሚጥላት የእኔ ችኮላ ነው።»

እኛ ሽማግሎች ባንክ ሲያዘገየን የጠላን ይመስለናል። ልጅቱ ግን መዘግየቱ ለእሷም ከለላ እንደሆነ አይታለች።

ቄስ መባ ሩዝ አምራች ናቸው። ጭቃ የነካ ጫማቸውን አዩና «ሥር ባልያዘ ችግኝ ላይ ከብት አይለቀቅም ማለትሽ ነው» አሉ።

«እሱን ነው፣ አባ።»

«ታዲያ ጋቢያችንን አጥበን መጥተን ዝም ብለን እንመለስ?»

«የለም። ሽማግሌ የሚላከው ልመና ወደሚሰማ ሰው ነው። ባንኩ በሕግና በደንቡ ነው የሚሄደው፤ ጋሽ አድማሴ ግን ያከብሩዎታል። ሙከራዬ እስኪያልቅ፣ እስከ ጥቅምት ይታገሡኝ ብለው ይለምኑልኝ።»

እኔም ጡረታዬን ትቼ ተከተልኋቸው። አቶ አድማሴ አስቀመጡን እንጂ ፊታቸው አልፈታም። ልጆቻቸው በስልክ ይነተርኳቸዋል፤ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ገዥም መጥቶ ነበር። ሽማግሎቹ ስለ ጉርብትና፣ ስለ በሽተኛዋ እናት ቢያነሡም ሰውየው «ልጆቼን ምን ልበላቸው?» ይላሉ። በመጨረሻ ቄስ መባ ተነሡ።

«አድማሴ፣ እውነቱን ልንገርህ። እኔ ቄሱ ዋሺ ብያት እምቢ ያለችኝ ልጅ ናት። ከእንዲህ ያለች ሰው ጋር መዋዋል ይቆጭሃል?»

አቶ አድማሴ ቄሱን ትክ ብለው አዩና ሳቅ አመለጣቸው። «ይሁን፤ ጥቅምት ካለፈ ግን እኔንም ልጆቼ ይቆጡኛል» አሉ።

ጥቅምት ላይ ውዳሴ ቋሚ ሠራተኛ ሆነች። ባንኩም በአዲሱ ደመወዟ መዝኖ አበደራት። እናቷ አሁን ፀሐይ ሲወጣ በዚያው ቤት ደጃፍ ይሞቃሉ፤ ወርኃዊ ክፍያውም የውዳሴን ትከሻ አላጎበጠውም። ቄስ መባ አሁን ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶቹን ሲመክሩ፣ ብድር ጀምራችሁ ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት ባንኩን ጠይቁ፤ ከለቀቃችሁም አትደብቁ፤ ሻጩን ጊዜ ለምኑት ይላሉ።

እናንተም ልጆቼ፣ የተሻለ እንጀራ ሲጠራችሁ አትፍሩ፤ ሂዱ። ሥር እስክትይዙ ግን ሸክም አታብዙ፤ እውነታችሁንም አትሸሽጉ። አደራችሁን፣ ይህችን ያዙልኝ።