አራት ምስክር ለአንድ ኮከብ

አዛውንቱ ኸልፋን ከኢሻ ሶላት ወጥተው ፈለጅ በሚሉት የመስኖ ቦይ ዳር ዳር ሲያዘግሙ፣ የወንድማቸው ልጅ ረያ በአንድ ማቆሚያ ላይ አራት ትንንሽ ካሜራ ስታስር ደረሱባት። እሳቸው የመንደሩን የውሃ ተራ በኮከብ የሚያስጠብቁ ሰው ናቸው፤ ኮከቡ ከተራራው ጫፍ ብቅ ሲል የአንዱ ተራ ያበቃል፣ የሌላው ይጀምራል። ዘንድሮ ግን ከሸለቆው ማዶ አዲስ የመንገድ መብራት ገብቶ ሰማዩ ፈዟል።

«ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?»

«ኮከብዎን የሚያሳይዎት ነው፣ አጎቴ።»

«እኔ ዓይን አጣሁ?»

«ካለዎትማ የዙወይና ሎሚ ለምን ይደርቃል?»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ኸልፋን ከመብራቱ ወዲህ በግምት ነበር «ተራ አለቀ» ብለው የሚጣሩት፣ ያውም ኮከቡን ቀድመው። የጎረቤታቸው የዙወይና ሎሚ ጠጥቶ ሳይጠግብ ውሃው ይዘጋባታል። አርብ ሽማግሌዎች ፊት ቀርባ «ኮከቡ ይቅርብን፣ በሰዓት ይሁን» ልትል ነው። እንዲያ ከሆነ ከአያት የወረሱት ሥራ አለቀለት።

«አራት ዕውር ቢሰበሰብ መንገድ አያሳይም! አንድ ደህና ካሜራ አትገዢም?»

«አንዱ ብቻውን ደጋግሞ ካላነሳ አይጠራለትም፤ ኮከቡ ደግሞ አይጠብቅም። አራቱ ባንድ አፍታ ያያሉ፣ እኔ ምስላቸውን አደራርቤ አንድ አደርገዋለሁ።»

ከካሜራዎቹ ጋር በተገናኘው ኮምፒውተር ላይ አንዲት ነጥብ ቦግ አለች።

«ያው ወጣ! ዙወይ...»

ረያ እጃቸውን ለቀም አደረገች። «ቆይ አጎቴ! ይሄ የአንዱ ካሜራ ነው። የሦስቱን ይዩ።»

ሦስቱ ላይ ምንም የለም።

«ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር በጨለማ የሌለ ነጥብ ይፈጥራል፤ ሁሉም ግን አንድ ቦታ ላይ አይሳሳቱም። አንድ ሰው መጥቶ የኢድ ጨረቃ አየሁ ቢልዎት ይቀበሉታል?»

«ወላሂ አልቀበልም! ሌላ ምስክር አምጣ እለዋለሁ።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

አዛውንቱ በገዛ ፍርዳቸው ተረቱ። ደግነቱ ኸልፋን ግትር ይሁኑ እንጂ ዳኝነት ያውቃሉ። ጢማቸውን እየዳበሱ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

ቆይቶ አራቱም ላይ አንድ ነጥብ ታየ። ሲደረብ ጥርት አለ፤ አጠገቡም አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ነበረች።

«ታናሽየዋም አለች!» አሉ ኸልፋን። መብራቱ ከመጣ ወዲህ አላዩዋትም ነበርና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ዙወይና ሎሚዋን ወደምታጠጣበት አትክልት ዞረው ተጣሩ። «ዙወይና! ጠጣልሽ?»

«ዛሬ ገና ጠጣልኝ!»

«እንግዲያው ዝጊ!»

አርብ ዕለት ማንም ሳይቀድማቸው ተነሡ። «ጎበዝ፣ ኮከቡ የትም አልሄደብንም። ብቻዬን አያለሁ ብዬ የሰው ውሃ ስቆርጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። የልጅቷ ካሜራዎች ይመስክሩ፣ እኔ እጣራለሁ፤ ማንም ከድርሻው አይጎድልበትም፣ የአያቶቻችንም ሥርዓት አይጠፋም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

«ሎሚውስ የእኔ ነው!» አለች ዙወይና። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ የሰዓቱንም ነገር ሳታነሳው ቀረች።