ከሞት የተመለሰችው ንግሥትና ለቀስተኞቿ

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለጎረቤቴ ለሐጂ ሰብሪ፣ ቡታጅራ ገበያ ባለው የጨርቅ ሱቃቸው ደጃፍ፣ ስለ አንዲት ዘንዶ ጋላቢ ንግሥት የሚተርኩ ልብ ወለዶችን አነብላቸዋለሁ። በቀደመው ቅጽ ንግሥቲቱ ከነዘንዶዋ ስትሞት ሱቅ ዘግተን ለቅሶ ተቀምጠናል። ባለፈው ሳምንት ቀጣዩን ተከታታይ መጽሐፍ ስጀምር ግን ንግሥቲቱ ከነዘንዶዋ በሕይወት ብቅ ብላ ወደ ጦርነት ገሠገሠች።

«ያቁሙ፣ መምህር! እኛ ለቅሶ ስንቀመጥላት የት ነበረች?» አሉ ሐጂ።

«ዋሻ ውስጥ ተደብቃ።»

«ያረቢ! ለቀስተኛን ሳታመሰግን ጦርነት ትሄዳለች? ባለጌ! እስክታመሰግን አልሰማም።»

ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ብቻዬን ማንበብም አይሆንልኝም። ስለዚህ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ በንግሥቲቱ ስም «ስለ ደከማችሁልኝ ብድር መላሽ ያድርገኝ» አልሁ።

«አሚን» አሉ ሐጂ። ባርኔጣዬን አጥልቄ ልቀመጥ ስል፣ «ለዘንዶዋም እኮ ተቀምጠናል!» አሉኝ።

ባርኔጣዬን እንደገና አወለቅሁ።