ጌስቱ ዘና አላለም

የቦሌ መንገድ ተቆፍሮ ታክሲያችን ወሎ ሰፈር ላይ ቆሟል። አጠገቤ አንድ ወጣት ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፍቶ በስልክ ያማርራል።

«ጌስቱ ስክሪኑን አልሞላም ባክህ! መሃል ላይ ኩርምት ብሏል። ሬዞሉሽኑን ብጨምረውም ተመልሶ ይኮማተራል። ለደንበኛ የማሳየው ደግሞ አሁን ነው!»

ስልኩን ሲዘጋ ከወዲያ በኩል ያሉት እናት ጠየቁት።

«ጌስት ያልከው እንግዳ ነው ልጄ?»

«አዎ እማማ፤ በኮምፒውተሬ ሲስተም ውስጥ በእንግድነት የሚሠራ ሌላ ሲስተም ነው።»

«ምን አቀረብክለት?»

«ምንም።»

«ታዲያ እንዴት ዘና ይበል?»

«ወይኔ! ስክሪኑን እንዲሞላ ለጌስቱ የሚሰጠውን ሶፍትዌር ረስቼዋለሁ!»

ቶሎ ጫነለትና መልሶ አስነሳው።

«ሞላው! እማማ፣ ስክሪኑን ሞላው!»

«ድሮስ!»

ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ የተጣበቅኩት እኔ፣ ቀስ ብዬ ትከሻዬን ዘርጋ አደረግኩ።