ያልወጣው መርፌ

ጃንሆይ ሳሉ ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ በምትሄድ ላንድሮቨር ከኋላ ተጣብበን ተቀምጠናል። አጠገቤ ያለችው ሴት ፊት ለፊቷ ለተቀመጡት ባልቴት ታወራለች።

«ጎረቤታችን ፈት ናት፣ እትዬ። ውሻዋ መርፌ ከነክሩ ዋጠ። ባሌ ሮጦ ሄደላት።»

«ምን ሊያደርግ?»

«በቅቤ የራሰ ገንፎ ሊያጎርሰው። መርፌውን ሸፍኖ ያወጣዋል አለ።»

«ደግ ሰው ነው።»

«እኔ አራስ ሳለሁ ገንፎ ማገንፋት አላውቅም ብሎኝ ነበር።»

«ውሻውስ ዳነ?»

«ጅብ ያባርራል። ባሌ ግን አሁንም ማታ ማታ እሷ ዘንድ ነው፤ መርፌው ገና አልወጣም ይላል።»

«ምናልባት አልወጣ ይሆናል።»

«ውሻው ባሌን ተከትሎ መጥቶ እኛው ጓሮ ጣለው። ከኩሱ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አልነገርሽውም?»

«እስከ መቼ እንደሚፈልገው ልይለት ብዬ። ይኸው፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ሰክቼዋለሁ።»

ቀስ ብዬ ጉልበቴን ከጉልበቷ አራቅሁ።