ሊጎተቱ የመጡት አባ

ወላሂ፣ ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት። ጭነት ይዤ ወደ ገላፊ ስወርድ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አንድ ሽማግሌ የካቶሊክ ቄስ «ሰመራ አድርሰኝ» ብለው ጋቢና ገቡ። ሻንጣ የላቸውም፤ የያዙት አንድ ሃይላንድ ውሃ ብቻ ነው። ሚሌን ስናልፍ አላስችል አለኝና «አባ፣ በዚህ ንዳድ ሰመራ ምን ሊሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«ልናዘዝ።»

«ሊያናዝዙ ማለትዎ ነው?»

«አይ፣ ልናዘዝ። የራሴን ኃጢአት ለሌላ ቄስ ልናገር።»

ሳቄ መጣ። «ሰዉን ሁሉ ከኃጢአቱ የሚፈቱት እርስዎ አይደሉ እንዴ? ራስዎን እዚያው አዋሽ አይፈቱም?»

«ሰይድ ልጄ፣ መኪናህ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ራሱን ይጎትታል?»

«በምን አቅሙ! ሌላ መኪና በገመድ ይጎትተዋል እንጂ።»

«በቃ፣ እኔም ልጎተት ነው የምሄደው።»

«ጎታቹ ያ ሌላው ቄስ ነዋ?»

«እሱማ ገመዱ ነው» አሉና በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። «ጎታቹ እዚያ ነው። ይገባዋል አይገባውም ሳይል ይጎትታል።»

ሰመራ ማደያው ጋ የጠበቃቸው ቄስ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ወጣት ነው። አባ በዚያ ዕድሜያቸው ከግራሩ ሥር፣ የጋለ አፈር ላይ ተንበረከኩለት። የሚሉት አይሰማኝም። ሲጨርሱ ወጣቱ እጁን ጭንቅላታቸው ላይ ጫነና ጸለየ፤ ከዚያ ደግፎ አነሣቸው። ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ሆኗል።

አለቀ ብዬ ማርሽ ላስገባ ስል፣ ወጣቱ ሲያናዝዛቸው አንገቱ ላይ ያደረገውን ሐምራዊ ጨርቅ አውልቆ ለአባ አደረገላቸው። ከዚያ እሳቸው በተነሡበት ቦታ እሱ ተንበረከከ።

ሱብሃን አላህ! ገመዱም ይጎተታል ለካ። ሞተሩን አጠፋሁት።