ሳይያዝ የታጠበ ሎህ

ቦሳ አዲስ ሰፈር ላይ ዝናቡ ድንገት ሲያወርደው ያገኘሁት መጠለያ የአንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ ቤት በረንዳ ነበር። "ግቢ ልጄ፣ አትበስብሺ" አሉኝ፤ የስፌት መኪናቸውን ግን አላቆሙም። ጎረቤታቸው ባለሱቁ አቶ ኤርሲዶ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ያበሽቋቸዋል።

"ሐጂ ሙሐመድሳኒ፣ እንግዲህ ለልጅ ልጅዎ ለፈድሊያ ጡጦ ልሽጥልዎት?"

"ሳቅ፣ ሳቅ! ያንተ ልጅ ልያ አይደለችም የተዋረደችው። ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ከሁለተኛ ክፍሎች ጋር ተቀምጣ ፊደል ትቁጠር? ሄርሜላ ነው አሉ የአስተማሪዋ ስም። ወላሂ፣ ባገኛት ልክ ልኳን እነግራት ነበር።"

ሄርሜላ እኔ ነኝ። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋብኛል፤ ዝናቡ ባይኖር ኖሮ ሹልክ ብዬ እሄድ ነበር።

"አባባ፣ እኔ ነኝ" አልኩ።

የስፌት መኪናው ቆመ።

"እንኳን አገኘሁሽ" አሉ ሐጂ፣ ቀዝቀዝ ብለው። "ቤቴ የገባ እንግዳ ላይ አልቆጣም። ግን ንገሪኝ፤ የልጅ ልጄ ከክፍሏ አምስተኛ ወጥታለች። ትምህርት ቤቱ አሳልፏታል። አንቺ ለምን ትመልሻታለሽ?"

"ክፍሏ ስድስተኛ ነው አባባ። ከሰዓት በኋላ ለንባብ ብቻ ነው ከትንንሾቹ ጋር ያስቀመጥኳት። ማንበብ አትችልም።"

"አትችልም? ማታ መጽሐፏን ስታንበለብለው እሰማለሁ እኮ! ፈድሊያ!"

ፈድሊያ ከጓዳ ወጣች፤ ስታየኝ አቀረቀረች። አያቷ የልብስ ልክ ከሚያወጡባቸው አሮጌ ጋዜጦች አንዱን ሰጧት። "አንብቢላትና ትፈር።"

ወረቀቱ ላይ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ ነበረ። ፈድሊያ ለአፍታ አየችው። "የኢትዮጵያ ቡድን አሸነፈ" አለች በድፍረት።

ሐጂ ፈገግ ብለው ጋዜጣውን ተቀበሏት። በወጣትነታቸው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረዋልና መነጽራቸውን አስተካክለው እየተንተባተቡ ማንበብ ጀመሩ። "የስታ... የስታዲየሙ እድ... እድሳት ዘገየ።" አቆሙ። "አሸነፈ የሚለው የቱ ጋ ነው?"

ፈድሊያ ጣቷን ፎቶው ላይ አደረገች። 

"የክፍሉን መጽሐፍ በጆሮዋ ነው የያዘችው" አልኩ። "ጎበዝ ስለሆነች ነው መደበቅ የቻለችው። ሒሳቡም ያው ነው። ጥያቄውን ስለማታነበው ቁጥሮቹን ብቻ ትፈልግና ያየችውን ሁሉ ትደምራለች።"

"ታዲያ እንዴት አምስተኛ ወጣች?"

"ሌሎቹም እንደሷ ስለሆኑ ነው።"

ይህን ባልናገር እመርጥ ነበር። ሐጂ ግን እጅ አልሰጡም።

"እሺ፣ አትችልም እንበል። ኀፍረቱስ? አፍራ ትምህርቱን ጨርሶ ብትተወውስ?"

"እሱ እኔንም ያስፈራኛል። ግን አባባ፣ ቁርአን ቤት ሳሉ በእንጨቱ ሰሌዳ፣ በሎሁ ላይ የተጻፈልዎትን ሳይዙ ሼሁ አጥበው ሌላ ይጽፉልዎት ነበር?"

"በአለንጋ እኔኑ ነበር የሚያጥቡኝ!"

አቶ ኤርሲዶ ሳቁ።

"ያልያዙ ትልልቅ ልጆችስ?"

"ጢም ያቆጠቆጠ ሁሉ ከኛ ከትንንሾቹ ጋር ይቀመጥ ነበር። ያልያዘ አልያዘም፤ ዕድሜውን ማን..." ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እጃቸው ጨርቁ ላይ እንዳለ ቀረ። "ማሎ! ወይ ጉድ!" አሉ በኋላ፣ ቀስ ብለው። "ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትይዝ ሎሁን አጠብንላት።"

ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም፤ የእሳቸው ብቻም አልነበረም። በየዓመቱ ያሳለፍናት እኛ ነን።

"ለሰኔው ፈተና ትደርሳለች?"

"አትደርስም። ልዋሽዎት አልችልም።"

"ታዲያ ምን ይጠቅማታል?"

"በራሷ ታነባለች። የሒሳቡ ጥያቄ ምን እንደሚላት ታውቃለች። ሰባተኛ ክፍል ዘግይታ ብትገባም የሚነገራትን እየተረዳች ትማራለች። ወረቀት በተሰጣት ቁጥርም አትሸበርም። አሁንም ሳታነብ ካለፈች ግን ከፍ ባለች መጠን መደበቁ እየከበዳት ሄዶ አንድ ቀን ራሷ ትቀራለች።"

ሐጂ ጋዜጣውን አጣጠፉት። "ቶሌ" አሉ። "እሺ፣ ትሂድ።"

"አባባ፣ እነ ልያ በመስኮት እያዩ ይስቁብኛል" አለች ፈድሊያ፣ እንባዋ እየወረደ።

"ይሳቁ። እኔም ደስ ብሎኝ ስቄ ነበር፣ ደረጃሽን አይቼ።"

አቶ ኤርሲዶ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሱም። ሳቃቸው ጠፍቷል። "የኔዋስ?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልያ ሦስተኛ ናት የወጣችው።"

ከዓይናቸው ሸሽቼ ዝናቡን አየሁ። አቶ ኤርሲዶም ገባቸው።

"ነገ ላምጣት?"

"ያምጧት" አልኩ። የንባቡ ክፍል አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ ሞልተዋል፤ የት እንደማስቀምጣት አላውቅም ነበር።

አሁን ሁለቱ ልጆች ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው በአንድ መጽሐፍ ያነባሉ። ልያ መሳቋን ትታለች። ፈድሊያ ትናንት አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትገምት አነበበች፤ ከዚያ ደክሟት ተኛች። በሰኔ ሁለቱም ይወድቃሉ፤ ቤተሰቦቻቸውም ያውቁታል። አንብቦ መረዳት የቻለ ልጅ በወደቀበት አይቀርም፤ ሳይችል ያለፈ ግን የቱ ጋ እንደወደቀ እንኳ አያውቅም። ይህን ለሌሎቹም ወላጆች ለመንገር ስብሰባ ጠርቼ ነበር። የመጡት ሐጂና አቶ ኤርሲዶ ብቻ ናቸው።

የቀሩት እስካሁን በልጆቻቸው ደረጃ ደስ ብሏቸዋል።